የሚያቃጥል እግር፣ የደነዘዘ ጣት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉ ስለ እጅና እግር ነርቮች ጉዳት ናቸው፤ ሐኪሞች ፔሪፈራል ኒውሮፓቲ የሚሉት ነው። ደብዳቤዎቹ አብዛኞቹ «የትኛው ቪታሚን ይሻለኛል?» ብለው ይጀምራሉ። ነገር ግን ነርቩን የጎዳው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ የሚዋጥ ክኒን ደህና ቢሆን ገንዘብ ይጨርሳል፤ ሲከፋ ደግሞ በሽታውን ራሱ ያመጣል። የመጀመሪያው ጥያቄ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው።

ጥያቄ፦ የእግር ጣቶቼ ስለሚደነዝዙ ከፋርማሲ «ለነርቭ» የሚባል የቢ1፣ ቢ6 እና ቢ12 ድብልቅ ክኒን ጠዋትና ማታ እወስዳለሁ፤ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። በአንዱ ክኒን 200 ሚሊግራም ቢ6 አለ ይላል። መጀመሪያ የተሻለኝ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ግን ድንዛዜው እጄም ላይ ጀመረኝ። መጠኑን ልጨምር?

መልስ፦ አይጨምሩ። እንዲያውም ይህንኑ ክኒን ይዘው በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። በቀን የሚወስዱት ቢ6 400 ሚሊግራም ነው፤ አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው ግን ከ2 ሚሊግራም እምብዛም አይበልጥም። በአሜሪካ ለአዋቂ የተቀመጠው የቀን ጣሪያ 100 ሚሊግራም ነው። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 ጣሪያውን ወደ 12 ሚሊግራም ዝቅ አድርጎታል።

«ቢ ቪታሚን ቢበዛም ትርፉ በሽንት ይወጣል» የሚባለው ለቢ6 አይሠራም። ቢ6 ሲያንስም ሲበዛም ነርቭ ይጎዳል። ሲበዛ የሚጎዱት በተለይ ስሜት የሚያስተላልፉት ነርቮች ናቸው፦ ጣት ይደነዝዛል፣ ያቃጥላል፣ ሰው በጨለማ ሲራመድ ይንገዳገዳል። ምልክቱ ከሌላው የነርቭ ጉዳት ስለማይለይ ታማሚው በሽታው የባሰበት ይመስለውና ክኒኑን ይጨምራል። የእርስዎ ጥያቄም ወደዚያው እያመራ ነው።

ክኒኑ ሲቆም ሁለት ነገር ይጠብቁ። አንደኛ፣ ምልክቱ ለጥቂት ሳምንታት ሊብስ ይችላል፤ ይህ ክኒኑን እንደገና ለመጀመር ምክንያት አይሆንም። ሁለተኛ፣ መሻሻሉ በወራት የሚቆጠር ነው። ቤት ውስጥ ያለውን የሌላውን ማሟያ ሁሉ ጀርባም ያንብቡ፤ ቢ6 በማግኒዥየም ክኒን፣ በኃይል ሰጪ መጠጥና በእንቅልፍ ማሟያ ውስጥም ይደባለቃል። ጽሑፉ «ፒሪዶክሲን» ሊል ይችላል፤ ያው ነው።

ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ማሳሰቢያ፦ አይሶናያዚድ የተባለውን የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪም ያዘዘለትን ቢ6 በራሱ እንዳያቆም። መድኃኒቱ ቢ6ን ስለሚያሳጣ በቀን ከ10 እስከ 50 ሚሊግራም የሚታዘዘው ነርቭን ለመጠበቅ ነው።

ጥያቄ፦ ለስኳር በሽታ ሜትፎርሚን ስወስድ 9 ዓመት ሆነኝ። ቢ12 ስመረመር 240 ፒኮግራም በሚሊሊትር ሆኖ «ጤነኛ ነው» ተባልኩ። ሁለቱም እግሮቼ ግን እስከ ቁርጭምጭሚት ደንዝዘዋል። ቢ12 ልውሰድ?

መልስ፦ 240 ጤነኛም ጎደሎም ለማለት የሚያስቸግር ቁጥር ነው። ብዙ ላቦራቶሪዎች ከ200 በታች ያለውን ጉድለት ይሉታል፤ ከ200 እስከ 300 ያለው አጠራጣሪ ነው። ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜና በከፍተኛ መጠን ሲወሰድ ቢ12 በአንጀት በኩል በደንብ እንዳይገባ ያደርጋል። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሱት እንደ ኦሜፕራዞል ያሉ መድኃኒቶችም እንዲሁ። ሁለቱን አብሮ የሚወስድ ሰው ደግሞ ከሁለት በኩል ይጎድልበታል። ስለዚህ ሐኪምዎን ሜቲልማሎኒክ አሲድ የሚባለውን የደም ምርመራ ይጠይቁ፤ ቢ12 በሴል ደረጃ ሲያንስ ይህ ቁጥር ከፍ ይላል። ኩላሊት ሲደክምም ከፍ ስለሚል የኩላሊት ምርመራ አብሮ ይታያል። ምርመራው የሚሰጠው ክኒኑ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ከጀመሩ በኋላ የሚወጣው ቁጥር አያስረዳም።

ጉድለቱ ከተረጋገጠ በአፍ የሚወሰድ 1000 ማይክሮግራም በየቀኑ ለብዙ ሰው ይበቃል። መጠኑ ትልቅ የሆነው በምክንያት ነው፦ ጨጓራና አንጀት በተለመደው መንገድ ባይረዱም ከሚዋጠው 1 በመቶ ያህሉ እንዲሁ ሰርጎ ይገባል። ያ 10 ማይክሮግራም ይሆናል፤ የቀን ፍላጎት ደግሞ 2.4 ነው። የነርቭ ምልክቱ የጠነከረ ወይም እየባሰ ያለ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ በመርፌ ይጀመርለታል፤ ይህን ሐኪምዎ ይወስናል።

እዚህ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች አሉ። ቢ12 ሳይታይ ፎሊክ አሲድ ብቻ መውሰድ የደም ማነሱን ያስተካክልና ጉድለቱን ይሸፍነዋል፤ ነርቩ ግን መጎዳቱን ይቀጥላል። ለፀጉርና ለጥፍር የሚሸጥ ባዮቲን የሚወስድ ሰው ደግሞ ከደም ምርመራ በፊት ለሐኪሙ ይንገር፤ ባዮቲን የእንቅርት ዕጢን ጨምሮ የአንዳንድ ምርመራዎችን ውጤት ያዛባል። የእንቅርት ዕጢ መድከም ራሱ ነርቭ ስለሚጎዳ የተሳሳተ ውጤት ዋጋው ውድ ነው። ሜትፎርሚኑን በራስዎ አያቁሙ፤ የጎደለው ይሞላል እንጂ ስኳሩ አይለቀቅም።

ስንት ጊዜ ይፈጃል ለሚለው፦ የተጎዳ ነርቭ መልሶ ሲያድግ በቀን 1 ሚሊሜትር ያህል ነው። ከወገብ እስከ እግር ጣት ያለው ርቀት ደግሞ 1 ሜትር ገደማ ይሆናል። በሁለት ሳምንት ለውጥ ካላዩ ቢ12 አልሠራም ማለት አይደለም። ጉድለቱ ለዓመታት ከቆየ ከፊሉ ላይመለስ ይችላል፤ ቶሎ መጀመር የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ አልፋ ሊፖይክ አሲድ፣ አሴቲል ካርኒቲንና ቤንፎቲያሚን ይጠቅማሉ ወይስ ንግድ ናቸው?

መልስ፦ ሦስቱን በአንድ ሚዛን አናስቀምጣቸውም።

አልፋ ሊፖይክ አሲድ በብዛት የተጠናው በስኳር በሽታ ለመጣ የነርቭ ጉዳት ነው። የተለመደው መጠን በቀን አንዴ 600 ሚሊግራም ሲሆን ምግብ ስለሚቀንሰው ከምግብ 30 ደቂቃ ቀድሞ በባዶ ሆድ ይወሰዳል። ከዚያ በላይ መውሰድ ማቅለሽለሹን ያበዛል፤ ጥቅሙን ግን አያበዛም። አጫጭር ጥናቶች ማቃጠሉ እንደሚቀንስ አሳይተዋል፤ ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ፣ ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን የኮክሬን ግምገማ ከስድስት ወር በኋላ ያለው ልዩነት ትንሽ ወይም ምንም ሳይሆን አይቀርም ብሏል። መሞከር የሚፈልግ ሰው ለሦስት ወር ይሞክር፣ የሕመሙን መጠን ከ0 እስከ 10 በየሳምንቱ ይጻፍ፤ ቁጥሩ ካልወረደ ይተወው። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ክኒን የሚወስድ ሰው ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወርድበት ስለሚችል መጀመሪያ ለሐኪሙ ይንገር።

አሴቲል ካርኒቲንን በተመለከተ አንድ ቁልፍ ነገር አለ፦ የካንሰር ኬሞቴራፒ ላይ ያለ ሰው አይውሰደው። ታክሴን የሚባሉትን መድኃኒቶች በሚወስዱ የጡት ካንሰር ታማሚዎች ላይ ነርቭ ይጠብቃል ተብሎ ሲሞከር የነርቭ ጉዳቱን አባሰው። ለሌሎች መጠነኛ ጥቅም እንዳለው የሚጠቁሙ ጥናቶች አሉ፤ ጠንካራ ናቸው ግን አንልም።

ቤንፎቲያሚን የቢ1 ዓይነት ነው። አልኮል ለሚያበዛ ወይም ምግቡ ለተጓደለ ሰው ቢ1 መሙላት እውነተኛ ሕክምና ነው፤ ከዚያ ውጭ ላለ ሰው ያለው ማስረጃ ደካማ ነው። አልኮል እየጠጡ ቢ1 መውሰድ ደግሞ የሚያፈስ ባልዲ መሙላት ነው፤ አልኮል በራሱ ነርቭ ይመርዛል።

ሦስቱንም በአንድ ቀን አይጀምሩ። ቢሻልዎ የትኛው እንዳሻለዎ፣ ሽፍታ ቢወጣብዎ የትኛው እንዳወጣብዎ አያውቁም።

ጥያቄ፦ አባቴ 71 ዓመታቸው ነው። ስኳር አለባቸው፤ እግራቸው ደንዝዟል፤ ሁለት ጊዜ ወድቀዋል። አንዱ ሐኪም «ይንቀሳቀሱ» ይላል፣ ዘመድ ደግሞ «እግራቸውን ያሳርፉ» ይላል። ማንን እንስማ?

መልስ፦ ቁስል እስከሌለ ድረስ ሐኪሙን። ቀደም ሲል እግሩ የደነዘዘ ሰው መራመድ የለበትም ይባል ነበር፤ አሁን ያ ምክር ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ አንድ አነስተኛ ጥናት የስኳር ታማሚዎች ለ10 ሳምንት የእግር ጉዞ መሰልና ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ሲሠሩ ሕመማቸው እንደቀነሰና በቆዳቸው ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ነርቮች ቅርንጫፍ እንዳበዙ አሳይቷል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ መውደቅን ለመቀነስ ግን የሚዛን ልምምድ የሚተካው ክኒን የለም።

አባትዎ የሚወድቁበትን ምክንያት እንይ። ሰው ሚዛኑን የሚጠብቀው በእግሩ ስሜት፣ በዓይኑና በውስጥ ጆሮው ነው። እግሩ ሲደነዝዝ ዓይን ሸክሙን ይይዛል፤ ስለዚህ ሌሊት ወደ ሽንት ቤት ሲሄዱ፣ ወይም ፊታቸውን ሲታጠቡ ዓይናቸውን ሲጨፍኑ ይወድቃሉ። ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት የሚበራ ትንሽ መብራት ያድርጉላቸው፤ ይህ ዛሬ ማታ የሚሠራ ሥራ ነው።

ልምምዱን በሚከተለው መንገድ ያስጀምሯቸው። ጫማቸውን ያድርጉ እንጂ በባዶ እግር አይሁን። ወገባቸው ድረስ የሚደርስ፣ የማይንሸራተት ጠረጴዛ ይደገፉ፤ ጎማ ያለው ወንበር ድጋፍ አይሆንም። መጀመሪያ ተረከዝ ማንሳት፦ በ2 ሰከንድ ይነሱ፣ በ3 ሰከንድ ቀስ ብለው ይውረዱ፣ 10 ጊዜ። አብዛኛው ሰው ዘፍ ብሎ ይወርዳል፤ ጡንቻውን የሚሠራው ግን ዝግ ብሎ መውረዱ ነው። ቀጥሎ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ 8 ጊዜ፤ ሲችሉ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው። ከዚያ የሚዛን ልምምድ፦ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት ፊት አስነክተው 30 ሰከንድ ይቁሙ፤ እግር ይቀያይሩ። ድጋፉን በደረጃ ይቀንሱ፣ ከሁለት እጅ ወደ አንድ እጅ፣ ከአንድ እጅ ወደ አንድ ጣት። ያለ ድጋፍ 30 ሰከንድ ከቻሉ በአንድ እግር 10 ሰከንድ ይሞክሩ፤ እጃቸው ከጠረጴዛው በላይ ዝግጁ ይሁን፣ እርስዎም አጠገባቸው ይቁሙ። ዓይን ጨፍኖ መሥራት የሚባለውን ብቻቸውን አይሞክሩት። በሳምንት 3 ቀን ይበቃል።

የእግር ጉዞው በቀን ሁለት ጊዜ 10 ደቂቃ ይጀመርና በየሳምንቱ 5 ደቂቃ ይጨመርበት፤ ግቡ በሳምንት 150 ደቂቃ ነው። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ካልሲው ይውለቅና እግሩ ይታይ። ቀይ ምልክት ጫማው ከወለቀ ከ30 ደቂቃ በኋላም ካልጠፋ ጫማው እየጨቆናቸው ነው፤ ነገ በዚያ ጫማ አይራመዱም። ውሃ የቋጠረ ወይም የቆሰለ ካለ መራመዱ ይቁምና በወንበር ላይ የሚሠራ እንቅስቃሴ ይተካው።

ጫማ ከማጥለቃቸው በፊት ተገልብጦ ይራገፍ፤ ከዚያ እጅ ወደ ውስጥ ገብቶ እስከ ጣት ድረስ ይዳሰስ። የተተረተረ ስፌት፣ የተጠቀለለ የውስጥ ንጣፍ፣ ጠጠር፣ ሳንቲም ጭምር ተረግጦበት ቀኑን ሙሉ ሳይታወቅ ይውላል፤ ማታ ካልሲው ላይ ደም ሲታይ ነው የሚነቃው። ካልሲው ነጭ ወይም ነጣ ያለ ይሁን የምንለው ለዚህ ነው። አዲስ ጫማ ከሰዓት በኋላ፣ እግር ትንሽ አበጥ ሲል ይገዛ፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከ1 እስከ 2 ሰዓት በላይ አይደረግ።

ኢንሱሊን ወይም ስኳር በጣም ሊያወርድ የሚችል ክኒን የሚወስዱ ከሆነ ከጉዞው በፊት ስኳራቸው ይለካ። ከ90 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ ትንሽ የሚያጣፍጥ ነገር ቀምሰው ይውጡ፤ ኪሳቸውም ባዶ አይሁን። ሲነሱ የሚያዞራቸው ከሆነ ደግሞ የደም ግፊታቸው ተኝተው፣ ከዚያም ተነስተው በ3 ደቂቃ ውስጥ ይለካ፤ የላይኛው በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ለሐኪም ይነገር። እስከዚያው ከመነሳታቸው በፊት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን 15 ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱ።

ጥያቄ፦ ቀን ቀን እችለዋለሁ፤ ማታ ግን እግሬ እሳት ላይ ያለ ይመስለኛል፣ አንሶላ እንኳ ሲነካኝ ያመኛል። ሙቅ ውሃ ይሻላል ወይስ በረዶ?

መልስ፦ ሁለቱም አደገኛ ናቸው። የደነዘዘ እግር ሲቃጠልም ሲበርድም ቶሎ አይናገርም። ለመታጠቢያ የሚሆን ውሃ ከ37 ዲግሪ አይለፍ፤ ቴርሞሜትር ከሌለ በክርንዎ ይፈትሹ፣ በእግርዎ አይደለም። በረዶና የሙቅ ውሃ ከረጢት ይቅሩ። ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ለ5 ወይም 10 ደቂቃ ካስታገሰዎ ይሁን፤ በጣቶች መካከል በደንብ ያድርቁ፣ ቅባት ሲቀቡም በጣቶች መካከል አያስገቡ፤ እርጥበቱ ፈንገስ ይጋብዛል። አንሶላው እግር እንዳይነካ ከእግርጌ በኩል ከፍ የሚያደርግ ካርቶን ወይም ሌላ መደገፊያ ያስቀምጡ። ቀላል ዘዴ ነው፤ የሚጠቀምበት ሰው ግን ጥቂት ነው።

ከሚቀባው ውስጥ 0.075 በመቶ የካፕሳይሲን ክሬም ይጠቅማል። የሚያቃጥለው የበርበሬ ንጥረ ነገር ነው። በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ በስሱ፣ ባልቆሰለ ቆዳ ላይ፣ በጓንት ይቀባል። መጀመሪያ አንድ ሁለት ሳምንት ራሱ ያቃጥላል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል ወይም በመሐል እየዘለለ ይቀባል። ሲዘልሉት ማቃጠሉ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ትኩስ ሻወር ከመውሰድዎ በፊትም ሆነ እንደወጡ አይቀቡ፤ ዓይንዎን ከመንካትዎ በፊት እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።

ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ለነርቭ ሕመም እምብዛም አይሠሩም፤ አይቡፕሮፌን ደግሞ የስኳር ታማሚን ኩላሊት ይጎዳል። ለዚህ ሕመም ሐኪም የሚያዝዛቸው አሚትሪፕቲሊን፣ ዱሎክሰቲን፣ ጋባፔንቲን ወይም ፕሪጋባሊን ናቸው። አሚትሪፕቲሊን ብዙውን ጊዜ ማታ 10 ወይም 25 ሚሊግራም ይጀመራል፤ የልብ ምት ችግር፣ ግላኮማ ወይም የፕሮስቴት ዕጢ ማበጥ ካለብዎ አስቀድመው ይናገሩ። ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊን እንደ ኩላሊት አቅም ይመጠናሉ፤ በድንገት አይቆሙም። ሕመሙ በግማሽ ከቀነሰና እንቅልፍ ከወሰደዎ መድኃኒቱ ሠርቷል፤ ዜሮ ካልሆነ ብሎ ከአንዱ ወደ ሌላው መዝለል ያደክማል።

ጥያቄ፦ ስኳሬን በሦስት ወር ውስጥ አስተካከልኩ፤ ሄሞግሎቢን ኤዋንሲ (የሦስት ወር ገደማ አማካይ ስኳር የሚያሳየው የደም ምርመራ) ከ12.4 ወደ 7.1 ወረደ። ሁሉም አመሰገነኝ፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ነው እግሬ መቃጠል የጀመረው። ጥፋቱ የኢንሱሊኑ ነው?

መልስ፦ የኢንሱሊኑ ሳይሆን የፍጥነቱ ይመስላል። ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር በሦስት ወር ውስጥ ከ2 ነጥብ በላይ ሲወርድ ከባድ የነርቭ ሕመም ሊነሳ ይችላል፤ የወረደው መጠን ሲበዛ ዕድሉም ይበዛል። የእርስዎ ከ5 ነጥብ በላይ ነው። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይጀምራል፤ አብዛኛው ሰው በወራት፣ አንዳንዱ ደግሞ እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ይሻለዋል። ስኳርዎን ሆን ብለው መልሰው አያውጡት። ለሕመሙ ማስታገሻ ይታዘዝልዎ፤ የዓይን ምርመራም አያዘግዩ፣ ስኳር በፍጥነት ሲወርድ የዓይን ውስጠኛ ክፍል ጉዳትም ለጊዜው ሊብስ ይችላል።

ጥያቄ፦ እግሬ ምን ያህል እንደደነዘዘ ቤት ውስጥ ማወቅ እችላለሁ?

መልስ፦ ዓይንዎን ይጨፍኑ። ሌላ ሰው በጣቱ ጫፍ የሁለቱንም እግሮችዎን አውራ ጣት፣ መካከለኛ ጣትና ትንሿን ጣት አንድ በአንድ፣ በየተራ ሳይሆን በዘፈቀደ፣ ለ1 ወይም 2 ሰከንድ በቀስታ ይንካ። ሲሰማዎ «ቀኝ» ወይም «ግራ» ይበሉ። አይጫን፣ አይጥረግ፣ አይደገም፤ ሰዎች የሚሳሳቱት ታማሚው ዝም ሲል ጫን አድርገው ሲደግሙ ነው። ከስድስቱ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰማዎ እግርዎ ሳያውቁት ሊቆስል ይችላል፤ ሐኪም ይየው።

ጥያቄ፦ ቀኝ እግሬ ከቁርጭምጭሚት በታች አብጧል፣ ቀልቷል፣ ከግራው ይልቅ ይሞቃል። ቁስል የለውም፣ ብዙም አያመኝም። ስኳር አለብኝ፤ እግሬም ከድሮ ጀምሮ ደንዝዟል። አንድ ሁለት ሳምንት ልጠብቅ?

መልስ፦ ዛሬውኑ ይታዩ። ሻርኮ የሚባል የአጥንትና መገጣጠሚያ መፈራረስ ሊሆን ይችላል፤ ስሜት ስለሌለ ሕመሙ ትንሽ ነው፣ ሰውም እየተራመደበት የእግሩን ቅርጽ ያበላሻል። መጀመሪያ የሚነሳው ራጅ ምንም ላያሳይ ይችላል፤ «ራጁ ደህና ነው» ከተባሉ እግሩ አሁንም ትኩስ መሆኑን ይንገሩና ሌላ ምርመራ ይጠይቁ። የደም መርጋትና ኢንፌክሽንም ተመሳሳይ ምልክት ስላላቸው አብረው ይታያሉ። እስኪታዩ ድረስ በዚያ እግር አይርገጡ፤ ክራንች ወይም ተሽከርካሪ ወንበር ይጠቀሙ።